የማንጎ ቻትኒ በአዲስ አበባ ምድጃ

የማንጎ ቻትኒ መሥራት የተማርኩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ሻርጃ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ወጥ ቤት፣ ከሁለት ሴቶች ነው። አሠሪዎቼ ከሕንድ ጉጅራት የመጡ ቤተሰብ ሲሆኑ አማትና ምራት አብረው ይኖሩ ነበር። ልጆቹ አያታቸውን «ባ» ስለሚሏቸው እኔም ባ እላቸው ነበር፤ በጉጅራትኛ ለእናትም ለአያትም የሚባል ነው። ምራቲቱን ግን በዚያ አገር እንደለመድነው ማዳም ነበር የምላት። ስድስት ዓመት ከሁለቱ ጋር ሽንኩርት ስልጥና ማንጎ ስከትፍ ኖሬ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሙያውን ጠቅልዬ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። አገሬ ገብቼ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድስቶች ተበላሹብኝ። ይህን የምጽፈው የማንጎ ወቅት በመጣ ቁጥር «እንዴት ነው የምትሠሪው?» ለሚሉኝ ወዳጆቼና እነዚያ ሦስት ድስቶች እንዲደርሱበት ለማልፈልግ ሰው ሁሉ ነው።

ቻትኒ የሚለው ቃል በሂንዲ «መላስ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ሕንዶች ቻትኒ ሲሉ ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ተፈጭቶ በዕለቱ የሚበላ ማባያ ነው፤ ከድንብላል ቅጠል፣ ከኮኮናት፣ ከቲማቲም ይሠራል። ለወራት የሚቀመጠው የማንጎ ቻትኒ ከእነዚህ ይለያል። ማርማላታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨው፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ አለበት። ጣፋጩ፣ ጎምዛዛውና የሚያቃጥለው በአንድ ማንኪያ ላይ ይገናኛሉ። በእኛ ማዕድ አዋዜና ዳጣ በሚቀመጡበት ቦታ ይቀመጣል፤ ከዳር ሆኖ በትንሽ በትንሹ ይቀመሳል።

ባ የሚሠሩት ቹንዶ የሚባለውን ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ራጃፑሪ የሚባለው ትልቁ አረንጓዴ ማንጎ ከሕንድ ወደ ሻርጃ ገበያ ሲገባ ቤታችን ሌላ ሥራ አይኖረውም ነበር። ማንጎውን እንልጣለን፤ በመፈቅፈቂያ እንፈቀፍቀዋለን፤ ባ በጨውና በእርድ ያሹታል፤ ከማንጎው ክብደት የሚበልጥ ስኳር ይጨምሩበትና ያሳድሩታል። በማግሥቱ ድስቱ አፉ ላይ እንደ ነጠላ የሳሳ ነጭ ጨርቅ ታስሮበት ሰገነት ላይ ይወጣል። እሳት የሚባል ነገር አያየውም። ጠዋት አወጣዋለሁ፣ ማታ አስገባዋለሁ፣ በቀን አንድ ጊዜ ይማሰላል። በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ቀን ባ ሰገነቱን በዝግታ ወጥተው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አንዲት ጠብታ ይይዛሉ። ጣቶቻቸውን ሲያላቅቁ ሽሮፑ እንደ ሸረሪት ድር አንድ ክር ከሠራ ደርሷል ማለት ነው። ክሩ ከተበጠሰ «ነገ» ይሉኛል፤ ጨርቁን መልሼ አስራለሁ። በርበሬና ከሙን የሚገባበት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በጠርሙስ ውስጥ ሲታይ የማር መልክ አለው፤ የማንጎው ክሮች በመሐሉ ብርሃን ያሳልፋሉ።

የማዳም አሠራር ሌላ ነው። እሷ ያደገችው እንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ ነው። ወላጆቿ በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን ከኡጋንዳ ባባረረ ጊዜ ወደዚያ ከሄዱት ጉጅራቶች መካከል ነበሩ። እዚያ ሰማዩ ደመና ስለሆነ እናቷ ቻትኒውን በእሳትና በአቼቶ ነበር የሚሠሩት፤ በቁራጭ ማንጎ፣ በቡናማ ስኳር፣ በዘቢብ፣ በዝንጅብል፣ በጥቁር አዝሙድ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ባ አቼቶ አይወዱም ነበር፤ ማንጎው ራሱ ኮምጣጣ ሆኖ ሳለ ሌላ ኮምጣጣ መጨመር ያሳዝናቸዋል። ቢሆንም በየዓመቱ ከምራታቸው ጠርሙስ አንዱን ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር።

እኔ የባን ነበር የምወደው። ስለዚህ አዲስ አበባ እንደገባሁ መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነው። ሚያዝያ ነበር፤ ጥሬ ማንጎ ፈቅፍቄ፣ ስኳሩን ሰፍሬ፣ ነጠላ አስሬበት ከኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። የበልግ ሰማይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ብራ ነው፣ ከሰዓት ደመና ይሸፍነዋል፣ ማታ ይዘንባል። ሻርጃ በዚያ ወር ሰገነቱ በባዶ እግር አይረገጥም፤ እዚህ ድስቱ ለብ እንኳን ሳይል ይመሻል። በአራተኛው ቀን ነጠላውን ስፈታ ላዩ አረፋ ይዟል። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ብርዝ ብርዝ አለኝ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ስኳር፣ ፍሬና ለስላሳ ሙቀት አንድ ላይ ከዋሉ የሚጀምረው ጠጅ መሆን ነው። የሻርጃ ፀሐይ እርሾው ሳይነሳ ውኃውን ታተንነው ነበር፤ የእኛ የበልግ ፀሐይ አትደርስም። ሁለት ኪሎ ማንጎ ደፋሁ።

ከዚያ ወደ ማዳም አሠራር ዞርኩ። እሷ «50 ደቂቃ» ትል ስለነበር እኔም ሰዓት ይዤ 50 ደቂቃ ቀቀልኩ። ማንጎው ውስጡ ጠንክሮ ቀረ፤ ሽሮፑም እንደ ሻይ ቀጠነ። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ተናድጄ ድስቱ ውስጥ እንዳለ እንደ ማርማላታ እስኪወፍር ድረስ አቆየሁት። ትኩስ ሳለ ደስ የሚል ነበር። በማግሥቱ ማንኪያ አልገባ አለው፤ ስኳሩ አሮ መራራ ከረሜላ ሆኗል።

ሰዓቱ ለምን እንዳልሠራ የገባኝ ሽምብራ ስቀቅል ነው። ሻርጃ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ እየተንተከተከ ቢታይም ሙቀቱ አነስተኛ ነው። ሽምብራም ባቄላም እዚህ ለመብሰል የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥሬ ማንጎም እንደዚያው። ማርማላታ የምትሠሩና ቴርሞሜትር የምትጠቀሙም ይህን አስታውሱ፤ የውጭ መጻሕፍት 105 ዲግሪ የሚሉት እዚህ 97 ገደማ ነው። 105ን ከጠበቃችሁ ያርባችኋል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ደብረ ብርሃን የምትኖሩ ደግሞ የየራሳችሁ ከፍታ አላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ደቂቃ ስጠራ ለግምት ብቻ ውሰዱት፤ ፍርዱን የሚሰጠው ድስቱ ነው።

አሁን ወደ ማንጎው ልግባ፤ ሥራው የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ላይ ነውና። ለቻትኒ የሚሆነው ጥሬ ማንጎ ነው፤ ጨርቋ ሆኖ ነገር ግን ዕድገቱን የጨረሰ። ቢላዋ ስታስገቡበት እንደ ድንች ጭር ብሎ የሚቆረጥ፣ ሥጋው ነጣ ወይም ቢጫ ወደመሆን ያዘነበለ፣ ሲቀመስ ጥርስ የሚያጠርስ መሆን አለበት። ፍሬው ቢላዋ የሚያሳልፈው ለስላሳ ከሆነ ገና ለጋ ነው፤ ጣዕም የለውም። ሥጋው ብርቱካናማ ከሆነና ጣት ሲጫነው ጎድጎድ ካለ ደግሞ ለጭማቂ ይሁን፤ ቻትኒ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል፤ ኮምጣጣነቱም ስለሄደ ድስቱ ጣፋጭ ገንፎ ይሆናል። ትንሽ ቢጫ የጀመረው ግን ግድ የለም፤ እንዲያውም ከአምስት አንዱ እንደዚያ ሲሆን መዓዛ ይሰጣል።

አትክልት ሻጮች ጥሬውን ወደ ኋላ ነው የሚያስቀምጡት። ደንበኛዬ መጀመሪያ ቀን ጠንካራ ጠንካራውን ስመርጥ አይታ «እህቴ፣ ይህ እኮ አልበሰለም፤ ሦስት ቀን ይፈልጋል» ብላ ከእጄ ልትወስደው ነበር። አሁን ከአሶሳ ጭነት ሲመጣ ሳይበስል ደውላ ትጠራኛለች፤ ሳጥኑ ሳይፈታ ስለምወስድላት ለእሷም ይቀላታል። የአሶሳው ማንጎ ሲበስል ቃጫው ጥርስ መሐል ይገባል እየተባለ ይታማል፤ ጥሬውን በቁመቱ ሳይሆን በአግድሙ ከከተፋችሁት ቃጫው አጭር አጭር ሆኖ ስለሚቆረጥ ቻትኒ ውስጥ አይታወቅም። ከላይኛው አዋሽ የሚመጡት እንደ ኬንትና ቶሚ አትኪንስ ያሉት ቃጫቸው ያነሰ፣ ሥጋቸው የበዛ ነው። ካገኛችሁ መልካም ነው፤ ካላገኛችሁ ግን አትጨነቁ። እኔ ለቻትኒ የአካባቢውን ማንጎ እመርጣለሁ፤ ኮምጣጣነቱ ይበረታል።

ልጣጩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ያለበት ማንጎ ካያችሁ አትሽሹት። በ2010 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ መኖሩ የተመዘገበው ነጭ የማንጎ ተባይ ቅጠሉንና ፍሬውን ሲመጠው የሚተወው ምልክት ነው። ገበሬውን ብዙ ገንዘብ ያሳጣው ይህ መልኩ ነው፤ ገዢ አይቶት ያልፋል። ጉዳቱ ግን ልጣጩ ላይ ነው፤ ስትልጡት አብሮ ይሄዳል፣ ሥጋው ጤነኛ ነው። እኔ እየመረጥኩ እገዛዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልረሳው፤ ጥሬ ማንጎ ከግንጩ ሥር ሙጫ አለው። የሙጫው ሽታ ቀለም መቀቢያ ይመስላል፤ ቆዳ ላይ ካረፈ ያሳክካል፤ አንዳንዱን ሰው ያቃጥላል። እኔ በሁለተኛው ዓመት በግራ እጄ አንጓ ላይ ለሳምንት የቆየ ሽፍታ አውጥቶብኛል። ማንጎውን በውኃ አጥቡት፤ ግንጩን ቆርጣችሁ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ሙጫው ይወርዳል። ከዚያ እንደገና አጥባችሁ ላጡ። እጃችሁ ስስ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ በዚያው እጅ ዓይናችሁን አትንኩ።

መጠኑን እኔ የምሠራበትን ልስጣችሁ። ከነልጣጩ 2 ኪሎ ጥሬ ማንጎ ሲላጥና ፍሬው ሲወጣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ሥጋ ይሰጣል። ለዚህ 650 ግራም ስኳር፣ 450 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ አውራ ጣት ተኩል የሚያህል ዝንጅብል፣ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት እፍኝ ዘቢብ። ከቅመም አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ አንድ ስባሪ ቀረፋ፣ አራት ቅርንፉድ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ፍሬ ደረቅ ሚጥሚጣ። 350 ግራም የሚይዙ አምስት ጠርሙሶች ይወጡታል።

ኮረሪማው የእኔ ጭማሪ ነው፤ ማዳም ሄል ነበር የምታደርገው። ኮረሪማ ጭስ ጭስ የሚል፣ ወፈር ያለ መዓዛ ስላለው ከማንጎ ጋር ይበልጥ ይስማማል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። የተፈጨ ሚጥሚጣ አትጠቀሙ፤ ጨውና ሌላ ቅመም ስላለበት መጠኑ ይዛባባችኋል። ፍሬውን እንዳለ ጨምሩት። በርበሬም አይግባ። በርበሬ የራሱ ዓለም ነው፤ አንዴ ከገባ ማንጎው የለም፣ መልኩም ይጠቁራል።

ቻትኒን ከማንም በፊት የሚጠብቀው አቼቶ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚለውን አንብቡ፤ ያልተጻፈበትን ወይም ውኃ የተጨመረበት የሚመስለውን ተዉት። ኮምጣጣ የማይወድ ሰው መጠኑን ሊቀንስ ይፈተናል፤ እኔ ግን አደራ እላለሁ፣ አትቀንሱ። ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለበት ነገር ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶ ለወራት ሳይበላሽ የሚቀመጠው በአሲዱና በስኳሩ ነው። ጊዜ ሲያገኝ ኮምጣጣነቱ ራሱ ይለዝባል።

ስለ ድስትም አንድ ነገር። አሉሚኒየም ድስት አይሁን፤ አቼቶው ከብረቱ ጋር ይጣላል፣ ቻትኒው ግራጫ ሆኖ የብረት ጣዕም ይይዛል። የሸክላ ድስት ደግሞ የወጡንና የቅቤውን ትዝታ ይዞ ስለሚኖር ለዚህ አይሆንም። የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ያለው፣ ሰፊና ታችኛው ወፈር ያለ ድስት ፈልጉ። ሰፊ ሲሆን ውኃው ቶሎ ይተናል፤ ቻትኒው እሳት ላይ ብዙ ባልቆየ ቁጥር መልኩ ያምራል።

ማንጎውን ጣት ጫፍ በሚያህል መጠን ከትፋችሁ በጨው ለውሱትና ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ውኃ ተጠራቅሞ ታገኙታላችሁ። ውኃውን ድፉት፤ ማንጎውን ግን አትጠቡት። ይህች ሌሊት ብዙ ሰው የሚዘላት ናት። የዘለለ ሰው ቁራጮቹ ፈርሰው ሙቅ ይሆኑበታል፤ ጨው ያደረበት ማንጎ ግን ለስልሶም ቅርጹን ይይዛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ሁለተኛውን ድስቴን ያበላሸው ነው። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ ጨምሬ ነበር። ስኳር ግን ፍሬን ያጠነክራል፤ ማንጎው ሳይለሰልስ ስኳር ካገኘ ቁራጩ ቆዳ ቆዳ እንዳለ ይቀራል። ሌስተርም ሻርጃም በዚያ ሙቀት ቶሎ ስለሚለሰልስ ማዳም ችግሩን አላየችውም። እዚህ ግን መጀመሪያ ማንጎውን፣ በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት፣ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን ከአቼቶው ጋር ብቻ ጥዱት። ድስቱን ክደኑት፤ በመካከለኛ እሳት ይብሰል። የአቼቶው ሽታ ቤቱን ስለሚሞላው መስኮት ክፈቱ። አንዱን ቁራጭ አውጥታችሁ በማንኪያ ጀርባ ስትጫኑት መሐሉ ሳይቋቋም ከተጨፈለቀ ለስኳሩ ተዘጋጅቷል። በእኔ ምድጃ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይወስዳል።

ጥቁር አዝሙዱን በደረቅ መጥበሻ ላይ ለአንድ ደቂቃ አመስ አድርጉት፤ ኮረሪማውን በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርጉት፤ መድቀቅ የለበትም። ቅመሙ ሁሉ ከስኳሩና ከዘቢቡ ጋር ይግባ። ክዳኑ ከዚህ በኋላ አይመለስም። ስኳሩ እስኪሟሟ እሳቱን ቀንሱና አማስሉ፤ ከሟሟ በኋላ ትንሽ ከፍ አድርጉት። መጀመሪያ ላይ ድስቱ ውኃ በውኃ ሆኖ ታስፈራችኋለች፤ ስኳሩ የማንጎውን ውኃ ስላወጣው ነው፣ ተዉት ይንተክተክ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ራቅ ብላችሁ ሌላ ሥራ ልትሠሩ ትችላላችሁ። ድምፁ ሲለወጥ ግን ተመለሱ። ፈጥኖ ይንጫጫ የነበረው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ሲጀምር፣ አረፋውም ትልልቅ ሲሆን፣ ከድስቱ አጠገብ መለየት የለም። ሥሩ የሚይዘው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። ረጅም እጀታ ያለው ማንኪያ ያዙ፤ የሚፈናጠቀው ጠብታ ስኳር ስለሆነ ክፉኛ ያቃጥላል።

መድረሱን የማውቀው በመንገዱ ነው። ጠፍጣፋ የእንጨት ማንኪያ በድስቱ ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎትቱ። ሽሮፑ ወዲያው ተመልሶ ከገጠመ ገና ነው። የድስቱ ወለል ታይቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ እስክትቆጥሩ ድረስ መንገዱ ክፍት ሆኖ ከቆየና ቀስ ብሎ ከዘጋ እሳቱን አጥፉ። ለማረጋገጥ ፍሪጅ ውስጥ በቆየ ሳህን ላይ ግማሽ ማንኪያ ጣሉበትና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ በዙሪያው ቀጭን የአቼቶ ውኃ ካልወጣ ጨርሳችኋል። ድስቱ ውስጥ ሳለ ትንሽ የቀጠነ ይመስላችኋል፤ እኔን ያሳሳተኝም ይህ ነው። ሲበርድ ይወፍራል፤ በማግሥቱ ደግሞ ይብሳል። ትኩሱን ልክ የመሰለ ቻትኒ ነገ ድንጋይ ነው።

ጠርሙሶቹን እሳቱ ላይ ያለው ሳያልቅ አዘጋጁ። ያለቀ የማርማላታ ጠርሙስ ይሆናል፤ ክዳኑ ግን ውስጡ ነጭ ቅብ ያለበትና ያልዛገ መሆን አለበት፤ ቅቡ የተፋቀ ከሆነ አቼቶው ይበላዋል። በሳሙና አጥባችሁ ጠርሙሶቹን በሚፈላ ውኃ ውስጥ ቀቅሉ። በባሕር ጠለል 10 ደቂቃ የሚባለው ለየ300 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ሲጨመርበት ለአዲስ አበባ 18 ደቂቃ ይሆናል። ጠርሙሱም ቻትኒውም ትኩስ ሳሉ ሙሉ፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይሰነጠቃል። ከአፉ አንድ ሴንቲ ሜትር አጉድሉ፤ በንጹሕ ቢላዋ ዳር ዳሩን እየወጋችሁ አየሩን አስወጡ፤ የጠርሙሱን ከንፈር ጥረጉና ግጠሙት። ቀረፋውን ማውጣት አትርሱ።

ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ፣ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቀመጥ። በዚያው ቀን የቀመሰው ሰው አቼቶው አፍንጫውን ስለሚመታው ያዝናል። እኔ ለታላቅ እህቴ በሦስተኛው ቀን ሰጥቻት «ደግ ነው» ብላ በትሕትና ጠርሙሱን መለሰችልኝ፤ በሁለተኛው ወር ያንኑ ጠርሙስ ወስዳ አላመጣችውም። ክዳኑ ላይ ቀን ጻፉበት። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይግባ፤ ሁልጊዜ በንጹሕና በደረቅ ማንኪያ ቅዱ። ክዳኑ ካበጠ፣ ሲከፈት ከፈነዳ፣ ወይም ሻጋታ ካያችሁበት ላዩን ጠርጋችሁ ለመብላት አትሞክሩ፤ ሁሉንም ድፉት።

ምን ጋር ይበላል ለሚለኝ ሰው መልሴ ብዙ ነው። ቅቤም እንቁላልም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል፤ በሁዳዴ ምስር ሳምቡሳ ከዚህ ጋር ሲቀርብ ማየት ደስ ይለኛል። ትኩስ ቂጣ ላይ ይቀባል። ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ግሩም ነው፤ ከሩዝ ጋርም እንደዚያው። ሽሮ ወጥ ጎን በእንጀራ ጫፍ አጥቅሶ መብላት ባለቤቴ የጀመረው ነው፤ መጀመሪያ አልተስማማሁም፣ አሁን እኔም እንደዚያ ነው የምበላው። ጥብስ ላይ ግን አላደርገውም፤ ጣፋጩ ሥጋውን ይጫነዋል።

የባ ቹንዶ ከልቤ አልወጣም ነበር። ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ ስሄድ መፈቅፈቂያዬንና አንድ አሮጌ ነጠላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ድሬዳዋ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ግማሽ ገደማ ነው፤ ፀሐይዋም ቀልድ አታውቅም። አክስቴ ግቢ ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ አላት፤ ነፋስ ያራገፈውን ጥሬ ማንጎ ለፍየል ነበር የምትሰጠው። 3 ኪሎ ለቅመን ፈቀፈቅን፣ በጨውና በእርድ አሸን፣ ስኳሩን ጨምረን አሳደርነው፤ በማግሥቱ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ በመሰላል አወጣሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ድስቱን ስነካው እጄን ይፈጀኝ ነበር። አረፋ የለም፤ የብርዝ ሽታም የለም። አክስቴ በየማታው ነጠላውን ፈትታ «ኧረ ልጄ፣ ይህ ነገር ማር ሆነ እኮ» ትለኛለች። በዘጠነኛው ቀን ጠብታ በጣቶቼ መካከል ይዤ አላቀቅኋቸው። ክሩ ቆመ። ፎቶውን አንስቼ ለማዳም ላክሁላት፤ ማታ ላይ የባ ድምፅ መጣልኝ፣ ስንት ቀን እንደፈጀ ነበር የሚጠይቁት። ዘጠኝ አልኳቸው።